አማርኛው እየታየ አዊኛው ሳጥን የሆነበት ድረ ገጽ፦ ከጎጃም የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ጎጃም ውስጥ መምህራን የሚመሩት አንድ ትንሽ ድረ ገጽ አለ። ያቆሙት ከእንጅባራና ከደብረ ማርቆስ የተሰባሰቡ የቋንቋ መምህራን ናቸው። የአዊ ተረቶችና ምሳሌያዊ አነጋገሮች በአዊኛና በአማርኛ ጎን ለጎን ይቀርቡበታል፤ የግዕዝ ቅኔ ከነአማርኛ ፍቺው ይነበብበታል፤ ለዜማ ጀማሪዎች የድጓ ምልክቶችን የሚያስተዋውቅ ክፍል አለው፤ በውጭ አገር ላደጉ ልጆችም አጭር የእንግሊዝኛ መግቢያ ተጨምሮበታል። አገሩ ለእንዲህ ያለ ሥራ የተገባ ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ መፍለቂያ ተብለው ሲጠሩ የኖሩት እዚሁ ነው፤ የአዊ ልጆችም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ።

ድረ ገጹን መጀመሪያ የሠራው ሌላ ባለሙያ ነው። እኔ የተጠራሁት ሥራው ተጠናቆ፣ ገጹ ለሕዝብ ተከፍቶ፣ ቅሬታ መምጣት ከጀመረ በኋላ ነበር። ቅሬታው እንደየሰዉ ይለያያል። አንዳንድ የአዊኛ መምህራን «መሀል መሀሉ ላይ ሳጥን ይሆንብናል» ይላሉ፤ ፊደሉ ሲጠፋ በቦታው የሚመጣውን ባዶ አራት ማዕዘን ማለታቸው ነው። አዲስ ስልክ የያዙት ሳጥን አላዩም፤ ነገር ግን አንዳንዱ ፊደል ከጎረቤቱ ጋር አይመሳሰልም፣ ከሌላ መጽሐፍ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል ይላሉ። የዜማው ክፍል ላይ ምልክቶቹ ወይ አይታዩም ወይ ከቦታቸው ይሸሻሉ። አማርኛውን በተመለከተ ግን አንድም ቅሬታ አልነበረም።

ችግሩን ሸፍኖት የቆየውም ይኸው ነው። አማርኛው ጥርት ብሎ ስለሚታይ ድረ ገጹ «የግዕዝን ፊደል በሚገባ ያሳያል» ተብሎ ርክክብ ተፈጽሟል። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ቅሬታ የሚሰጠው መልስ «ስልክዎን ያድሱ» ወይም «ይህን ፎንት ጭነው ይሞክሩ» የሚል ሆነ። ይህን መልስ አልቀበለውም። ተረት ልታነብላቸው ተማሪዎቿን በአንድ ስልክ ዙሪያ የሰበሰበች መምህርት መጀመሪያ ፎንት ፈልጊና ጫኚ ልትባል አይገባትም። ጽሑፉን የሚልክ ፊደሉንም አብሮ መላክ አለበት። አማርኛው ታየ ማለትም ፊደሉ ታየ ማለት አይደለም፤ ይህ ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው የሚያሳየው ይህንኑ ነው።

ሳጥኑ ከየት መጣ

የአዊኛውን ገጽ መጀመሪያ የከፈትኩት በአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ያሉት ማሽኖች ዛሬም በዊንዶውስ ኤክስፒ ይሠራሉ። ኤክስፒ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ይዞ አልመጣም። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት የጨመረው ቀጥሎ በመጣው ቪስታ ነው፤ ኢብሪማ የተባለው ፎንቱም የእኛን ፊደል የያዘው ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ነው። ስለዚህ ማንም ፎንት ባልጫነበት የኤክስፒ ማሽን ላይ የሚታይ የግዕዝ ፊደል ሁሉ ድረ ገጹ ራሱ የላከው ነው። ለምርመራ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም፤ ገጹ የላከውና ያልላከው ቁልጭ ብሎ ይለያል። አዲስ ስልክ ላይ ብቻ የሚሞክር ሰው ይህን አያይም፤ ስልኩ የጎደለውን ከራሱ ጓዳ አውጥቶ ይሞላለታልና።

በኤክስፒው ማሽን ላይ አማርኛው በሙሉ አለ። አዊኛው ላይ ግን ጘ፣ ጙ፣ ጚ፣ ጛ፣ ጜ፣ ጝ፣ ጞ በተጻፉበት ቦታ ሁሉ ሳጥን ተደርድሯል። ይህ ረድፍ አዊኛን የሚጨምሩት የአገው ቋንቋዎች ያላቸውን፣ አማርኛ ለብቻው ፊደል ያልቀረጸለትን ድምፅ የሚወክል ነው፤ ምላስ ከኋላ በኩል ላንቃን ዘግቶ አየሩ በአፍንጫ ሲወጣ ይሰማል። መምህራኑ የላኩት የአዊኛ ጽሑፍ በዚህ ረድፍ የተሞላ ነበር። ግዕዙ ላይ ደግሞ ፠ እና ፨ ጠፍተዋል፤ የዜማ ምልክቶቹማ አንድም አልነበሩም።

የፎንቱን ፋይል ስከፍተው ምክንያቱ ወጣ። ፎንቱ ተከርክሟል። ፎንት መከርከም ማለት ገጹ የማይጠቀምባቸውን ፊደላት አውጥቶ ፋይሉን ማቅለል ነው፤ በተለይ ዳታ እየቆጠረ ለሚያነብ ሰው ትልቅ ውለታ ነው። ክርከማው የተሠራው ግን የአማርኛውን ገጽ ጽሑፍ ለመሣሪያው ሰጥቶ «በዚህ ውስጥ የሌለውን ሁሉ አስወጣ» በማለት ነው። መሣሪያው የታዘዘውን ፈጸመ። አዊኛውና ግዕዙ ሲጫኑ የሚያስፈልጋቸው ፊደል አስቀድሞ ተጥሎ ነበር።

አዲስ ስልክ ላይ ሳጥኑ የማይታየው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ብራውዘር ፎንት የሚመርጥበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ብራውዘር ፎንት የሚመርጠው ለአንቀጽ ወይም ለቃል ሳይሆን ለእያንዳንዱ ፊደል ነው። በአራት ፊደል ቃል ውስጥ ሦስቱ በድረ ገጹ ፎንት ውስጥ ካሉና አራተኛው ከሌለ፣ ሦስቱን ከዚያ ያወጣና አራተኛውን ከስልኩ ፎንት ይበደራል። አንድሮይድ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን፣ አይፎን ከፋን ይዘዋል፤ ስለዚህ ፊደሉ ይገኛል፣ ነገር ግን ውፍረቱ፣ ስፋቱና የእግሩ መቆሚያ ከጎረቤቶቹ ጋር አይገጥምም። የተከረከመው ፎንት ወፍራምና ጌጠኛ ነበር፤ የተበደረው ጝ ቀጭንና ቀጥ ያለ። አንዲት ልጅ አዊኛ ማንበብ ስትለማመድ የራሷ ቋንቋ ፊደል ብቻ ተለይቶ እንግዳ መስሎ ይታያታል። ሳጥን ቢሆን እንኳ ሰው ብልሽት መሆኑን ያውቃል፤ ይህኛው ግን ፊደሉ ራሱ ጎደሎ ነው የሚያሰኝ ስለሆነ ከሳጥኑም የባሰ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ነገሩን ሰፋ አድርገን እንየው። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮችና ስልኮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። የጘ ረድፍ ያኔውኑ ገብቷል። የዚያው ረድፍ ዲቃሎች ⶓ፣ ⶔ፣ ⶕ፣ ⶖ ግን የመጡት እ.ኤ.አ. በ2005፣ በ4.1 እትም ነው፤ የዜማ ምልክቶቹም ከእነሱ ጋር። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2021 ሌሎች ሁለት ክፍሎች ተጨምረዋል። ዛሬ በአምስት ክፍሎች 523 ምልክቶች አሉ። አማርኛ ከእነዚህ የሚያስፈልጉት በተለምዶ 231 የሚባሉት ፊደላት፣ ዲቃሎቻቸው፣ ነጥቦቹና አኃዞቹ ናቸው። ስለዚህ «የአማርኛ ፎንት» ተብሎ የተሠራ ፎንት የፊደሉን ብዙ ክፍል ሳይዝ የተሟላ ሊመስል ይችላል፤ ሠሪውም ሞካሪውም አማርኛ ተናጋሪ ከሆኑ ጉድለቱን የሚያይ ሰው የለም።

የትኛውን ፎንት፣ በምን ፈቃድ

ፎንት ስንመርጥ መጀመሪያ የጠየቅነው «ያምራል ወይ» የሚለውን አልነበረም። አዊኛውን ከነዲቃሎቹ፣ ግዕዙን ከነምልክቶቹ ይዟል ወይ ብለን ጀመርን። ቀጥሎ ፈቃዱ፣ ከዚያ በትንሽ ስክሪን ላይ ያለው ንባብ። በዚህ ወንፊት ያለፉት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ እና አቢሲኒካ ኤስአይኤል ናቸው። ሰናምርምር የተባለው ፕሮጀክት በነፃ ያወጣቸው የዋሽራ ፎንቶችም ከመምህራኑ ዘንድ ብዙ ድምፅ አግኝተው ነበር፤ ስማቸው ለጎጃም ሰው ወዲያው ልብ ይነካል፣ ቅርጻቸውም የእጅ ጽሑፍ ጣዕም አለው። ለፖስተርና ለርዕስ እኔም እወዳቸዋለሁ። ለዚህ ሥራ ግን እስካሁን እየታደሰ ያለ ፎንት አስፈለገን።

ነፃ ሲባል በምን ልክ ነፃ እንደሆነ አንብቦ መረዳት ግድ ነው። ኖቶም አቢሲኒካም የሚለቀቁት ኤስአይኤል የተባለው የቋንቋ ድርጅት ባዘጋጀው ክፍት የፎንት ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ፎንቱን በድረ ገጽ ላይ መጫን፣ ማባዛት፣ መቀየርና ማሰራጨት ይፈቅዳል፤ ለብቻው አውጥቶ መሸጥን ግን ይከለክላል። ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው አንድ አንቀጽ አለ፦ የፎንቱ ባለቤት ስሙን ካስጠበቀ፣ ፎንቱን የቀየረ ሰው በዚያው ስም ሊያሰራጨው አይችልም። መከርከምም እንደ መቀየር ይቆጠራል። አቢሲኒካ ስሙን ያስጠበቀ ፎንት ነው። ስለዚህ ከርክሞ «አቢሲኒካ» በሚል ስም ማቅረብ የፈቃዱ ጥሰት ነው፤ ወይ ሙሉውን እንዳለ መላክ ወይ ስም መቀየር ያስፈልጋል። ቡድኑ ገንዘብ የሌለው የበጎ ፈቃድ ቡድን ነው፤ ቢሆንም ሰው በነፃ የሰጠውን ሥራ በውሉ መጠቀም ክብር ነው ብለን ተስማማን።

ይህ አንቀጽ የሥራውን ቅርጽ ወሰነው ማለት ይቻላል። ለአማርኛና ለአዊኛ ገጾች፣ ለማውጫና ለአዝራሮች ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከርክመን እንድንጠቀም፣ አቢሲኒካን ግን ለግዕዝና ለዜማ ገጾች ብቻ አንድም ፊደል ሳይነካ እንድናቀርብ ወሰንን።

ፊደሉ እንዴት እንዲደርስ ተደረገ

ኖቶውን በሦስት ፋይል ከፈልነው። አንደኛው አማርኛ የሚጠቀምበትን ሁሉ ይይዛል፤ ሁለተኛው የጘን ረድፍ ከነዲቃሎቹና የቀሩትን ተጨማሪ ክፍሎች፤ ሦስተኛው የላቲን ፊደል ነው። ሦስቱም በዎፍ 2 ታሽገዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የድረ ገጽ መደበኛ ቅርጽ ሆኖ የጸደቀው ይህ አስተሻሸግ ብሮትሊ በሚባል መጭመቂያ የሚሠራ ስለሆነ ከቀዳሚው ይቀላል። የገጹን መልክ በሚወስነው የስታይል ፋይል ውስጥ ለእያንዳንዱ ፋይል የፊደል ክልሉ ይጻፋል። ብራውዘሩ ገጹን ያነብና በክልሉ ውስጥ ያለ ፊደል ካላገኘ ፋይሉን ጨርሶ አያወርደውም። አማርኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ለአዊኛው ፊደል ዳታ አይከፍልም፤ አዊኛ የሚያነበው ግን ሁሉንም ፊደል ከአንድ ፎንት፣ በአንድ ውፍረት ያገኛል።

የአዊኛውን ገጽ ስናስተካክል ሌላ ነገር ተገለጠ። ሁሉም ገጽ በኮዱ ውስጥ «ቋንቋ፦ እንግሊዝኛ» ተብሎ ታውጆ ነበር። እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ መለያ አለው፤ አዊኛም ኤ፣ ደብሊው፣ ኤን የሚል የሦስት ፊደል መለያ አለው። መለያው በትክክል ሲገባ ስታይሉ «ገጹ በግዕዝ ከሆነ አቢሲኒካን፣ በአዊኛ ከሆነ ኖቶን» ማለት ይችላል፤ አማርኛ ገጽ ውስጥ የገባች አንዲት የግዕዝ ጥቅስ እንኳ ለብቻዋ ልትታወጅና የራሷን ፎንት ልታገኝ ትችላለች። ትንሽ ሥራ ነው፤ ቀሪው ሁሉ የቆመው ግን በእሱ ላይ ነው።

አንዳንዶች «መጀመሪያ የስልኩን ፎንት ፈልግ፣ ካጣህ ብቻ አውርድ» የሚለውን ትእዛዝ እንድንጨምር መክረው ነበር፤ ዳታ ይቆጥባልና። ለአማርኛው ገጽ አደረግነው። ለአዊኛውና ለዜማው ግን ትተነዋል፤ ምክንያቱም ብራውዘሩ የሚጠይቀው የፎንቱን ስም እንጂ ይዘቱን አይደለም። ተጠቃሚው ከዓመታት በፊት የጫነው አሮጌ እትም በዚያው ስም ካለ ብራውዘሩ እሱን አንስቶ ይረካል፤ አዲሶቹ ፊደላት በአሮጌው እትም ውስጥ ባይኖሩም።

ፎንቶቹን ከጉግል ፎንትስ ከመሳብ ይልቅ በራሳችን ሰርቨር ላይ አስቀመጥናቸው። ድሮ «ሰውየው ሌላ ድረ ገጽ ላይ አውርዶት ከሆነ እዚህ ዳግም አያወርደውም» የሚል ጥሩ ክርክር ነበር። ክሮም የተባለው ብራውዘር እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የወረዱ ፋይሎችን ማከማቻ ለየድረ ገጹ ስለለየው ያ ጥቅም ቀርቷል። ለእኛ ደግሞ ከዚያም የበለጠ ምክንያት ነበረን፦ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ድረ ገጹን ሙሉ በሙሉ ገልብጠው ኢንተርኔት በሌለው የውስጥ መረብ ላይ ይከፍቱታል። ፎንቱ ሌላ ቦታ ቢሆን እዚያ ፊደል የለም ማለት ነው።

ዊኪፔዲያን የሚያስተዳድረው ዊኪሚዲያ ከእኛ ቀድሞ በዚህ መንገድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ለብዙ ቋንቋዎች ነፃ ፎንት ከገጹ ጋር መላክ ጀመረ፤ ኋላም የቋንቋ መምረጫው አካል አደረገው። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ግን በሰርቨርና በፍጥነት ላይ ባመጣው ጫና ሳይጠየቅ መላኩን አቆመና ተጠቃሚው ሲመርጥ ብቻ እንዲሆን አደረገ። እኔ ከዚያ የወሰድኩት ትምህርት ፎንት መላክ ስህተት ነው የሚል አይደለም፤ ለሚፈልገው ገጽ ብቻ ይላክ የሚል ነው። አንድ ሌላ ሐሳብም ከዚያው ወስደናል። አውቶኒም የሚባል ፎንት አላቸው፤ ሥራው የቋንቋዎችን ስም በየራሳቸው ፊደል በማውጫ ላይ ማሳየት ብቻ ነው። እኛም የአዊዎች ቋንቋ ስም በማውጫው ላይ በራሱ ፊደል እንዲታይ እነዚያን ጥቂት ፊደላት ወደ አንደኛው ፋይል አስገባን። ሰው ቋንቋውን ለመምረጥ መጀመሪያ ስሙን ማንበብ አለበት።

የዜማው ገጽ

ረጅሙን ጊዜ የወሰደው ይህ ነው። የዜማ ምልክቶቹን በገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳበጇቸው በቤተ ክርስቲያን ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ፤ ዩኒኮድ አጭር ርክርክንና ደረት ሂደትን ለይቶ በመጨመር አሥር አድርጎ መዝግቧቸዋል። ነገር ግን ዩኒኮድ የመዘገባቸው ራሳቸውን ችለው እንደሚቆሙ ምልክቶች ነው። በራሳቸው ፊደል አናት ላይ አይወጡም፤ ከፊደሉ ቀጥሎ ብትጽፋቸው ቀጥለው ይሰለፋሉ። ከፊደሉ በላይ ማውጣት የድረ ገጹ ሥራ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ጃፓኖች በፊደላቸው አናት ላይ ንባቡን ለመጻፍ የሚጠቀሙበት ሩቢ የተባለው አሠራር ነው።

የቀድሞው ገጽ ሩቢን ተጠቅሞ ነበር፤ ግን ለሙሉ ቃል። ብራውዘሩም ምልክቶቹን ሁሉ ሰብስቦ በቃሉ መሀል አናት ላይ አከማችቷቸዋል። ፎንቱን ቀይረን ሳጥኖቹ ወደ ምልክት ከተለወጡ በኋላ ገጹን ለአንድ የዜማ መምህር አሳየኋቸው። የኔታ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መስመሩን ማዜም ጀመሩና ሦስተኛው ፊደል ላይ ቆሙ።

«ይህ ድፋት የማን ነው ልጄ?»

«የዚህኛው ፊደል ነው የኔታ፤ ወደ መሀል ተስቦ ነው።»

«እንግዲያ በራሱ ላይ አስቀምጠው። ተማሪው ያየውን ነው የሚያዜመው።»

ከዚያ ወዲህ ምልክቱን የምናያይዘው ከቃሉ ጋር ሳይሆን ከእያንዳንዱ ፊደል ጋር ነው። ይህ ደግሞ የራሱን ችግር አመጣ። አሮጌ ብራውዘሮች እያንዳንዱን ሩቢ እንደ ተለየ ቁራጭ ስለሚያዩት ቃሉን ከመሀል ሰብረው ወደ ቀጣዩ መስመር ያወርዱታል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ቃል «አትስበር» በሚል ጥቅል ውስጥ አስገባነው። ሩቢ ጽሑፉን በልማድ ወደ ግማሽ መጠን ያሳንሳል፤ ከምልክቶቹ ጋር አብረው የሚጻፉት ደቃቅ የግዕዝ ፊደላት በዚያ መጠን ጨርሰው አይነበቡም፤ ከፍ አደረግናቸው። በመስመሮች መካከል ያለውንም ቦታ ለቀቅ አደረግነው፤ ካልሆነ ምልክት ያለበት መስመር ከሌለበት ይልቅ ይገፋና ገጹ ይበታተናል።

ሌላም አለ። ምልክቶቹ በፊደላቱ መካከል ስለሚገቡ ጽሑፉ ለፍለጋ አይመችም፤ ቃሉን ብትፈልገው አታገኘውም፤ ብትገለብጠውም ምልክትና ፊደል ተቀላቅሎ ይመጣል። ስለዚህ በየምንባቡ ሥር ምልክት የሌለው ንጹህ ንባብ አስቀምጠናል። ተማሪዎቹ ይህን ወድደውታል፤ መጀመሪያ ንባቡን፣ ቀጥሎ ዜማውን እንደሚያጠኑት ሥርዓት ሆኖላቸዋልና።

በዜማው ገጽ ላይ የፎንት አጠባበቁንም ለየት አደረግነው። ሌሎቹ ገጾች ፎንቱ እስኪደርስ በስልኩ ፎንት ይታያሉ፤ አንባቢው ወዲያው ይጀምራል። የዜማው ገጽ ግን ብራውዘሩ እስከሚፈቅደው ጥቂት ሰከንድ ድረስ ባዶ ሆኖ ይጠብቃል። ምልክት በሳጥን ተተክቶ ከሚታይ ጥቂት መታገሥ ይሻላል ብለን ነው።

ማድመቅ፣ ማዘንበልና የቅኔ ቤት

አቢሲኒካ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ደማቅ እትም የለውም። ብራውዘር ደግሞ «አድምቅ» ሲባል ደማቁን ካጣ ራሱ ያለውን ፊደል አወፍሮ ይሠራዋል። በላቲን ፊደል ብዙም አያስታውቅም። በእኛ ፊደል ግን ትርጉም ያፈርሳል፦ ሌ ከሊ የምትለየው እግሯ ላይ ባለች ቀለበት ነው፤ ሲወፍር ቀለበቷ ትደፈንና ሌ እና ሊ አንድ ይመስላሉ። ቤ እና ቢ፣ ሴ እና ሲም እንደዚሁ። በግዕዝ አንዲት የእንዲህ ዓይነት ለውጥ ግሱን ወደ ሌላ ትወስደዋለች። ማዘንበልም ቢሆን ከላቲን ልማድ የመጣ ነው፤ ፊደላችን የተጋደመ ወንድም የለውም፤ ብራውዘሩ ገፍቶ ነው የሚያጋድመው።

ሁለቱንም ብራውዘሩ በራሱ እንዳይሠራ በስታይሉ ከለከልን። ታዲያ ማጉላት የሚፈለገው ቃል እንዴት ይጉላ? መልሱ ብራናው ላይ ነበር። ጸሐፊዎቻችን ቅዱስ ስምንና ርዕስን የሚለዩት በቀይ ቀለም ነው። የግዕዙ ገጽ ላይ አጽንዖት ሁሉ ቀይ ሆነ። ስክሪን ላይ ለዓይን የሚመች፣ ከነጩ ጋር በቂ ልዩነት ያለው ጠቆር ያለ ቀይ መረጥን። መምህራኑ ገጹን ሲያዩ ማብራሪያ አልጠየቁም።

ቅኔው ላይ ያለው ጉዳይ አጭር ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው። ቀድሞ የነበረው ሰፊ ፎንት በትንሽ ስልክ ላይ እያንዳንዱን ቤት እየሰበረ አራት መስመር ያደርገው ነበር፤ አንባቢ ቤቱ የት እንዳለቀ አያውቅም። ፎንቱ ሲቀየር ብዙው ገባ። የማይገባው ሲሰበር ቀጣዩ መስመር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ እንዲጀምር ስላደረግን ቤቱ ይታወቃል።

ከዚያ በኋላ

523ቱም ምልክቶች በየክፍላቸው የተደረደሩበት አንድ የመሞከሪያ ገጽ አዘጋጅተናል። አዲስ ስልክ ወይም ኮምፒውተር በተገኘ ቁጥር መጀመሪያ የሚከፈተው እሱ ነው። በትምህርት ቤቱ የኤክስፒ ማሽኖች ላይ የአዊኛው ተረቶች ያለ ሳጥን ይነበባሉ። አዲስ ጽሑፍ ሲገባ የክርከማው መሣሪያ ከሁሉም ቋንቋ ጽሑፍ ላይ እንዲሠራ አድርገነዋል፤ በየትኛውም ገጽ ላይ ያለ ፊደል በፋይሎቹ ውስጥ ከሌለ ገጹ አይታተምም፣ ፊደሉ ተጠቅሶ ማስጠንቀቂያ ይወጣል።

ያላለቀ ሥራ አለ። ፊደሉ ሳጥን እየሆነ ሲያስቸግር አንዳንድ የአዊኛ ጸሐፊዎች ጝ ባለበት ቦታ ንግ ወይም ኝ እየጻፉ ልከው ነበር። አሁን ያ ሁሉ ጽሑፍ መታረም አለበት፤ ነገር ግን በመሣሪያ በአንድ ጊዜ መተካት አይቻልም፣ ምክንያቱም በእርግጥ ን እና ግ ተከታትለው የሚመጡባቸው፣ በእርግጥም ኝ የሆኑ ቃላት አሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ቋንቋውን የሚናገር ሰው ብቻ ነው። የእንጅባራ መምህራን ተረቶቹን ተከፋፍለው እያነበቡ፣ በእያንዳንዱ ቃል ላይ እየወሰኑ ነው፤ የታረመው ገጽ በየሳምንቱ ይተካል። የስልክ ኪቦርዶች የጘን ረድፍ በቀላሉ ስለማያወጡም በማረሚያው ገጽ ላይ ሰባቱን ፊደላትና አራቱን ዲቃሎች በአዝራር አስቀምጠንላቸዋል፤ ነካ ሲያደርጉት ፊደሉ ይገባል።